ማውሱን ልቀቁለት፦ በቆቦ ለጀማሪዎች ቴሌግራም፣ ኢሞና ኢሜይል ለማስተማር

ቆቦ ከተማ ውስጥ ስልክ የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ የአካውንቱ ባለቤት ራሱ የሆነ ሰው ማግኘትም እንዲሁ። ኢሞውን የከፈተለት የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የአክስቱ ልጅ ነው። ኢሜይሉ የተመዘገበው ጅዳ በገባው ወንድሙ የድሮ ሲም ነው። ስልኩ ውኃ የገባበት ዕለት ከዘመድ የሚያገናኘው መስመር ሁሉ አብሮ ይበጠሳል። ሰውየው ተመልሶ ሞባይል ቤት ይሄድና ከፍሎ አዲስ ያስከፍታል፤ ዘመዶቹ ደግሞ በአሮጌው ሲጽፉለት ይከርማሉ፣ መልስ ሲያጡም «ኮራብን» ብለው ይቀየማሉ።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ዓላማው አንድ ነው፦ ተማሪው ክፍሉን ለቆ ሲወጣ አካውንቱም፣ የይለፍ ቃሉም፣ ችሎታውም አብረውት ይውጡ። የተጻፈው ክረምት ላይ ወደ ቤተሰቡ ለሚመለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ለያዘ መምህር፣ አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ላለው ለማንም ነው።

ስልክ እያለ ኮምፒውተር ለምን ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ስክሪን ከቦ ያያል፤ ፊደሉም እንደተፈለገ ይጎላል፤ ዓይናቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ከፈተናው ጥያቄ በፊት ከማውሱ ጋር ሲታገል ጊዜው ያልቃል። ሦስተኛውን ምክንያት እጅ ማለማመድ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱንና ወቅቱን ምረጡ

የራያ ቆላ ፀሐይ ለላፕቶፕም ለተማሪም አትመችም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ አስተምሩና በቃችሁ በሉ። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ወይም ትራስ ላይ አታስቀምጡት፤ መተንፈሻው ይደፈናል። የአቧራውን ነገር ለቆቦ ሰው አልነግርም። መብራት እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ ባትሪውን ማታውኑ ሙሉት።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማሽላው ሲያሽት ወጣቱ ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል፤ ቀጥሎ አጨዳ ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ማንም አይመጣም። አዝመራው ከገባ በኋላ ሰው ይገኛል፤ ይህ ግን ለመስኖ ገበሬ አይሠራም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው በበጋም አያርፍም። የእሱን ሰዓት እሱኑ ጠይቁት። በአንድ ላፕቶፕ ደግሞ ከሦስት ሰው በላይ አታስቀምጡ፤ አራተኛው ተመልካች ነው የሚሆነው።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት «ማንን ነው የሚፈልጉት?» ብላችሁ ጠይቁ

የኮምፒውተር ትምህርት የተለመደ አጀማመር አለው፤ «ይህ ሞኒተር ይባላል፣ ይህ ኪቦርድ ይባላል፣ ይህ ሲፒዩ ይባላል።» ይህን ተዉት። ሪያድ ያለች ልጃቸውን ድምፅ መስማት ለሚፈልጉ እናት የሲፒዩ ትርጉም ምንም አያደርግላቸውም። በመጀመሪያው ቀን ደብተር አውጡና እያንዳንዱ ተማሪ ማግኘት የሚፈልገውን አንድ ሰው፣ አገሩንና ስልኩን ጻፉ። ትምህርቱ ከዚያ ሰው ይጀምራል፤ የምትመርጡትም ያ ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ነው።

መልሱ እዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው። የራያ ቆቦ ወጣት በአፋር አቋርጦ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲጓዝ ዓመታት አልፈዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስም ከተመለሱት መካከል የወሎ ልጆች ነበሩበት፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ሄደዋል። እናም ደብተሩ ላይ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይ ይበዛሉ። አንድ ሁለቱ ደግሞ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ የሽንኩርት ነጋዴ ያስጽፋሉ።

ስልኩን ስትጽፉ ከነአገር መለያው ጻፉ። የሳዑዲ 966፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 971፣ የእኛ 251 ነው። የእኛን ቁጥር በዚህ መልክ ስንጽፍ በ09 ወይም በ07 መነሻ ላይ ያለችው ዜሮ ትወድቃለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ዘመድ ከዘመድ ሲጠፋፋ ግን ብዙ ጊዜ መንስኤዋ እሷ ናት። ልጅቱ አገር ቤት ሳለች «እማዬ» ብላ በ09 የመዘገበችው ቁጥር ሳዑዲ ስትገባ የውጭ ስልክ ይሆንና በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ላይታይ ይችላል። ተማሪው በሌላ ሰው ስልክም ቢሆን ደውሎ «በ251 አድርገሽ መዝግቢኝ» እንዲላት አስታውሱት።

ሰዓትንም እዚሁ ጨርሱ። ሳዑዲና እኛ አንድ ሰዓት ላይ ነን፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ግራ የሚያጋባው የኮምፒውተሩ አቆጣጠር ነው፤ 8 ሰዓት ሲል ለእኛ ጠዋት 2 ነው፣ 20 ሰዓት ሲል ማታ 2 ነው። ተማሪውን «ከ12 በላይ የሆነውን ቁጥር መጀመሪያ 12 ቀንስለት፣ ከዚያ 6 ቀንስ፣ ካልበቃ 6 ደምር» ብላችሁ አታድክሙት። የሚደውልበትን አንድ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ እጅ ማለማመድ

ይህ አጭር ነው። ለጀማሪ ማውስ ከላፕቶፑ መዳሰሻ ይሻላል። በማረሻና በማጭድ የሻከረ ጣት የስልክ ስክሪንንም መዳሰሻንም ብዙ ጊዜ አይታዘዝለትም፤ መሣሪያው ደረቅና ወፍራም ቆዳን በደንብ ስለማይለይ ነው። ሰውየው ግን «እኔ ነኝ ደደብ» ብሎ ያስባል። ማውስ ስጡት፣ ነገሩ ይፈታል፤ ሦስተኛው ምክንያት ይህ ነው። ስልክ መንካት ግድ ሲሆን ጣቱን በትንሽ ውኃ ያርጥብ። ካርታ የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ለክሊክና ለመጎተት ጥሩ መለማመጃ ነው፤ አንድ ጠዋት ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ የምትጠብቁት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ማውሱን አትንኩ። ተማሪው ሲዘገይ እጃችሁ ይበላችኋል፣ ቀምታችሁ «እንዲህ ነው» ማለት ያምራችኋል። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና በአፍ ብቻ አስረዱ። «ከላይ በግራ በኩል ሦስት አግድም መስመር አለ፤ እሱን።» የእንግሊዝኛ ቃል ማንበብ ለማይችል ሰው ምልክቱን በቅርጹና በቦታው ንገሩት፦ የወረቀት አውሮፕላኗ መላኪያ ናት፣ ማይኩ ድምፅ ነው፣ የወረቀት ማያያዣው ፎቶና ፋይል ማስገቢያ ነው። እነዚህ ምልክቶች ከፕሮግራም ፕሮግራም ብዙም አይለዋወጡም። ያሁ ሜሴንጀር በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፣ ስካይፕ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ፤ የፕሮግራሙን ስም ብቻ ሸምድዶ የነበረ ሰው እንደገና ከዜሮ ጀመረ፣ ምልክቱን የለመደው ግን በአዲሱም አልጠፋም።

ደረጃ 4፦ አካውንቱን ራሱ ይክፈት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሁለት ጠዋት ቢፈጅም ይፍጅ።

ቴሌግራምም ሆነ ኢሞ በስልክ ቁጥር ነው የሚከፈተው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲሙ የማን ነው?» የሚል ነው። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ከሆነ መጀመሪያ በራሳቸው ስም ሲም ያውጡ። ሲሙ ሲጠፋ ተመሳሳዩን ቁጥር መልሶ የሚያወጣው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ጅዳ ሊሆን ይችላል።

ለኢሜይል፣ ለምሳሌ ለጂሜይል፣ ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም፤ በቃ። ዋናው ቁም ነገር የላቲን አጻጻፉ ነው፤ በመታወቂያ፣ በፓስፖርት ወይም በትምህርት ማስረጃ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። አንዱ ቦታ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ቦታ በአንድ የተጻፈ ስም ነገ ለሥራ ወይም ለትምህርት ሲያመለክቱ ጣጣ ያመጣል።

የልደት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ 7 ይደምር፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8 ይደምር። ግንቦት 1990 የተወለደ 1998 ይጽፋል። ትክክለኛ ቀናቸውን የማያውቁ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ይጻፉ። ዋናው ነገር የጻፉትን ወረቀት ላይ ማስፈራቸው ነው፤ አካውንቱ የተቆለፈ ዕለት ያንኑ ቀን መልሰው ሊጠየቁ ይችላሉ።

ወደ ይለፍ ቃሉ እንምጣ። ስልክ ቁጥር፣ የልጅ ስምና ከ1 እስከ 6 የሚደረደር ቁጥር አይሆኑም፤ መንደሩ ሁሉ ይገምታቸዋል። እርስ በርስ የማይገናኙ ሦስት ነገሮችና አንድ ቁጥር ይምረጡ፤ ማሽላ፣ ዞብል፣ ድስት፣ 47 እንደማለት፣ በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት የተጻፈ። (ይህን ምሳሌ ራሱን የሚጠቀም ሰው አይጠፋም፤ አደራችሁን።) ተማሪው ሲጽፍ ፊታችሁን አዙሩ። ማዞራችሁንም ይይ፤ ይህ በራሱ ትምህርት ነው። ከዚያ ይህ ንግግር ይከተላል፦

«እንዳልረሳው አንተም ያዝልኝ የኔ ልጅ።»

«አይሆንም እማማ። የሳጥንዎን ቁልፍ ለእኔ ይሰጣሉ?»

«አንተ ሌላ ሰው ነህ እንዴ!»

«ሌላ ሰው ባልሆንም አልይዝም። ወረቀት ላይ ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት።»

እምቢ ስትሉ ቅር ይላቸዋል፤ ቅር ይበላቸው። ወረቀቱ ግን የስልኩ ሽፋን ውስጥ እንዳይገባ፤ ብዙ ሰው እዚያ ነው የሚሸጉጠው፣ ሌባ ስልኩን ሲወስድ ቁልፉንም አብሮ ወሰደ ማለት ነው።

ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰውም አካውንት ይከፈታል። ከቤት የሚያምኑትን፣ ብዙ ጊዜ ተማሪ የሆነ ልጃቸውን ወይም የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይምጡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይማሩ። ማን ይሁን የሚለውን የሚመርጡት ግን እሳቸው ናቸው። እናንተ «ይህ ጎበዝ ነው» ብላችሁ አትሹሙላቸው።

አንድ ነገር ሳይነኩ አትለፉ። ቴሌግራም ባለቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ሳይገባ ከቆየ አካውንቱን ራሱ ያጠፋዋል። ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር፣ ከታች በኩል ስንት ወር እንዲጠብቅ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ረጅሙን ምረጡ። ጂሜይልም ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል። ኔት ለአንድ ቀን ብቻ በሚጠፋበት አገር ይህ አያሳስብም ይሆናል። እዚህ ግን በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም አንድ ላይ ጠፋ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆየ። በራያ ስንት ወር ይጠብቅ የሚለው ቁጥር ተራ ወሬ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ማያያዝ፣ ከዚያም መለየት

ቴሌግራምን ኮምፒውተሩ ላይ ስትከፍቱ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን ይወጣል። ተማሪው ስልኩ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስ፣ ከዚያ ሊንክ ዴስክቶፕ ዲቫይስ ይላል፤ ካሜራው ይከፈታል፤ አራት ማዕዘኑን ያሳየዋል። ወዲያው የስልኩ ሰዎች ሁሉ ትልቁ ስክሪን ላይ ይዘረገፋሉ። ዋትስአፕም በዚሁ መንገድ ይያያዛል። ብዙ ተማሪ በዚህ ሰዓት ይደነግጣል፤ «ሁሉ ሰው አየብኝ» ይላል። ልክ ነው፣ አይታችኋል። ስለዚህ መያያዝን ባስተማራችሁበት ደቂቃ መለየትን አስተምሩ።

እዚያው ዲቫይስ የሚለው ቦታ ላይ አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ተዘርዝረው ይታያሉ። ተማሪው የእናንተን ላፕቶፕ ስም ይፈልግ፣ ይንካው፣ ያስወጣው። ከዚያ ትልቁ ስክሪን ባዶ ሲሆን በዓይኑ ይይ። ይህን በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ራሱ ያድርግ፤ ወደፊት ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲጠቀም እጁ ሳያስብ ያደርገዋል።

በዚህ አጋጣሚ ዝርዝሩን እስከ ታች ያንብቡ። ሞባይል ቤት አካውንት ያስከፈተ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የእሱ ያልሆነ የስልክ ስም ሊያገኝ ይችላል። «ይህ የማን ነው?» ይላችኋል ስክሪኑን እያሳያችሁ። የማን እንደሆነ መገመት የእናንተ ሥራ አይደለም። ያስወጣው፤ ቀጥሎም ሁለተኛ የይለፍ ቃል፣ ቱ ስቴፕ የሚሉትን ያስገባ። ኮዱ ብቻ የደረሰው ሰው ከዚያ በኋላ አይገባም።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ፊደል

የመጀመሪያው መልእክት በድምፅ ይሁን። ማይኩን ተጭነው ይናገራሉ። የወሎ ሰው ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ ምርቃቱ ሳይባል አያልቅም። አታቋርጡ። አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ቪዲዮ ጥሪ ግን በየደቂቃው በርካታ ሜጋባይት ይበላል። ጥቅሉ በ*999# ተገዝቶ ሦስት ቀን ሳይሞላ አለቀ የሚል ተማሪ ካለ ቴሌግራሙን እዩለት፤ ከየግሩፑ የሚመጣውን ፎቶና ቪዲዮ ሳይጠየቅ እያወረደ ይሆናል። ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብቶ አውቶማቲክ ማውረዱን ይዝጋው።

መልእክቱ ከሄደ በኋላ ምልክቶቹን አስረዱ፤ ባለማወቅ የሚቀያየም ዘመድ አለና። ቴሌግራም ላይ ትንሿ ሰዓት ማለት ገና ከእናንተ አልወጣም፤ አንድ ራይት ማለት ሄዷል፤ ሁለት ራይት ማለት ተከፍቷል ነው። ዋትስአፕ ላይ ግን ሁለቱ ግራጫ ራይት ስልኳ ላይ ደርሷል ማለት ብቻ ነው፤ ከፍታ ስታየው ነው ሰማያዊ የሚሆኑት። የዋትስአፑን ግራጫ በቴሌግራሙ ሕግ አንብበው «አይታ ዘጋችኝ» የሚሉ አባት ነገሩን እስኪያውቁ ሌሊቱን አይተኙም።

ፊደል መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ሲመጣ ከራሱ ስምና ከአገሩ ስም አስጀምሩት። ኪማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፅን በድምፅ ያጽፋል፦ ኪው፣ ኦ፣ ቢ፣ ኦ ብሎ ሲነካ «ቆቦ» ይወጣል። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲነካ «ሰላም» ይሆናል። መጀመሪያ ሳድሱ እንደሚወጣና አናባቢው ሲጨመር ፊደሉ እንደሚለወጥ በዓይኑ ሲያይ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ማስቆም ነው የሚያስቸግረው። በት ፈንታ ጥ ሲፈልግ ሺፍት ተጭኖ ቲን ይንካ፤ ጥ ይመጣል። ይህን ካወቀ ጥላሁንም ጠጅም ይጻፋሉ።

የቢሮ ጸሐፊዎች በፓወር ግዕዝ የለመዱት እጅ አለ፤ አትናቁት። ዳሩ ግን በቆየው፣ ዩኒኮድ ባልሆነው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት የሌለው ተቀባይ ጋ ሲደርስ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፍስሐ አትላው የተባለ ባለሙያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ከጀመረ በኋላ ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው አንዱ የጻፈው ሌላው ጋ ሳይበላሽ መድረስ የቻለው።

ደረጃ 7፦ ጥሪው

ቀኑን ከማዶው ሰው ጋር ቀድማችሁ በድምፅ መልእክት ተቃጠሩ። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልኳን በፈለገችው ሰዓት አታነሣም፤ አሠሪዎቿ እንግዳ ባለባቸው ሰዓት ደጋግሞ መደወል ለእሷ ጣጣ ነው። ኔቱ ሲደክም ኢሞ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ይሞከር። ዱባይ ላለ ሰው ግን በዋትስአፕና በብዙዎቹ ፕሮግራሞች የድምፅም የቪዲዮም ጥሪ በአገሩ ደንብ የተገደበ ስለሆነ አይገናኝም፤ እዚያ ያሉት ቦቲም የሚባለውን ይጠቀማሉ። ይህን ያልሰማ ተማሪ ኮምፒውተሩን አበላሸሁት ብሎ ይጨነቃል።

ካሜራውን ከዓይን ትይዩ አድርጉ፤ ካልሆነ ማዶ ያለችው የእናቷን ነጠላ ጫፍና የጣሪያውን ቆርቆሮ ብቻ ታያለች። ፊት ወደ ብርሃን፣ መስኮት ከጀርባ አይሁን። ማዳመጫ ስጧቸው፤ ሰው በሞላበት ክፍል «ደመወዝሽን ሰጡሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እናት የለም። መስመሩ ከተገናኘ በኋላ እናንተ ውጡ። እውነቴን ነው፣ ከክፍሉ ውጡ። ሲዘጋ ራሳቸው ይዝጉት፤ ቀዩን ቁልፍ ማግኘት ካልቻሉ ይጠሯችኋል።

ደረጃ 8፦ ሌባ ሆናችሁ ተጫወቱ

«ከሌባ ተጠንቀቁ» የሚል ምክር በዚህኛው ጆሮ ገብቶ በዚያኛው ይወጣል። ለተማሪው ከሌላ ስልክ፣ በዘመዱ ስም ሆናችሁ ጻፉለት፦ «ወንድሜ ስልኬ ተበላሽቶ ነው፤ አሁን በስህተት ወደ አንተ ኮድ ይመጣል፣ ላክልኝ።» ብዙው ሰው ይልካል። ላከ አልላከ ትምህርቱ ያን ጊዜ ይገባል፤ ያ አምስት አኃዝ ያለው ኮድ የአካውንቱ በር ነው፣ የሚጠይቀው ሌባ ብቻ ነው፣ ኩባንያው ራሱም በቻት አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጨዋታ የገንዘብ ነው፤ «ታምሜያለሁ፣ በቴሌብር 3,000 ብር ላክልኝ።» መልሱ አንድ ነው፤ ደውሎ ድምፁን መስማት። የጽሑፍ መልእክት ዘመድ አይሆንም፤ ድምፁም ካጠራጠረ የቤት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ፣ የበሬውን ስም ይሁን የአያትን ቅጽል። ሦስተኛው «የዓረብ አገር ቪዛ ዝግጁ ነው፣ የፓስፖርት ፎቶ ላኩ» የሚለው ነው። በዚህኛው አልቀልድም፤ ፓስፖርት ለማይታወቅ ቁጥር አይላክም።

ደረጃ 9፦ ኢሜይል፣ ለሚያስፈልገው ብቻ

ሁሉም ሰው ኢሜይል አያስፈልገውም፤ አታስገድዱ። ስለ ኢሜይል የሚጠይቃችሁ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ተማሪ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን በቴሌግራም ቦት ያያል፣ ለሥራና ለትምህርት ሲያመለክት ግን የሚጠየቀው ኢሜይል ነው። ለእሱ ሦስት ነገር ይበቃል፤ ርዕስ መጻፍ፣ ፋይል ማያያዝ፣ የተላከው ሳጥን ውስጥ ገብቶ መሄዱን ማረጋገጥ። ፋይሉን አያይዣለሁ ብሎ ባዶ መላክ የሁሉም ሰው ጥፋት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ፋይሉ ይያያዝ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ፣ የተቀባዩ አድራሻ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ሁለተኛው የሽንኩርት ሰው ነው። ለእሱ ከኢሜይል ይልቅ በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ይሻለዋል፤ ግን ፎቶውን እንዲያነሣ አስተምሩት። ክምሩን ከሩቅ ማንሳት ለነጋዴው ምንም አይነግረውም። ሦስት ራስ ሽንኩርት መዳፉ ላይ ያስቀምጥ፣ አንዱን ለሁለት ይሰንጥቅ፣ መጠኑም ውስጡም ይታይ። ከሥሩ ኩንታሉንና ቀኑን ይጻፍ። ዋጋ አይጻፍ፤ ዋጋው በስልክ ይሁን፣ በጽሑፍ የወጣ ዋጋ ግሩፕ ለግሩፕ ይዞርና ከሮቢት እስከ አላማጣ ይታወቃል።

ደረጃ 10፦ ኔት የጠፋ ዕለት

ኔቱን ሆን ብላችሁ አጥፉና አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሩ። ተማሪው መልእክት ይጻፍ፣ ይላክ፤ ትንሿ ሰዓት ትቁም። አሥር ጊዜ ደጋግሞ አይላክ፤ መስመሩ ሲመለስ አሥሩም ይደርሳሉ። ከዚያ የሁሉንም ቁጥር ከስልኩ ወደ ወረቀት ይገልብጥ፤ ስልክ ሲሞት አብሮ የሚሞተው ቁጥር ነው። ዘመዶችም ቀድመው ይስማሙ፤ ለረጅም ጊዜ ከጠፋን በማን በኩል እንጠይቅ? ወልድያ ወይም ደሴ ያለ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ሁሉም ወገን ቁጥሩን ይያዝ።

ደረጃ 11፦ ብቻውን ይምጣ

ከሳምንት በኋላ ቅጠሩት። ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እናንተ በር ላይ ትቆማላችሁ። ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ስልኩን ያያይዛል፣ አንድ የድምፅ መልእክት ይልካል፣ መልስ ካለ ያዳምጣል፣ ያስወጣል፣ ይዘጋል። የት ላይ እንደተያዘ ልብ በሉና ያንኑ ብቻ ድገሙለት። ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚያዘው ማስወጣቱ ላይ ነው፤ መልእክቱ ስለሄደ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

በመጨረሻም ኢሜይሉ ላይ የማገገሚያ ስልክ ተብሎ የእናንተ ቁጥር ገብቶ እንደሆነ አብራችሁ እዩ። መጀመሪያ ላይ ለማፋጠን ብላችሁ አስገብታችሁት ይሆናል። የሚያምኑት ዘመድ ቁጥር ይተካ፤ የእናንተን ራሳቸው ያውጡት፣ ማውሱን አትንኩ።